ወሬውን ከእኔ በፊት ለሰማሽው

ሙሉዬ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት አልፎ ሦስተኛው ከተጀመረ ሰነበተ። እስከ ዛሬ ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ወደ መቃብርሽ እየመጣሁ እግርጌሽ እቆምና የቤቱን ነገር በተራ እነግርሻለሁ። አውሮፕላን ወደ ማረፊያው ዝቅ ብሎ ሲያልፍ፣ ክፍሉ ጸጥ እስኪል እንደሚጠብቅ አስተማሪ ዝም እላለሁ፤ ካለፈ በኋላ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ይህ ይበቃናል ብዬ ነበር። የዛሬው ግን በቃል የሚሆን አልመሰለኝም። ፊትሽ ቆሜ ብጀምረው መሐል ላይ ድምፄ ይከዳኛል። ስለዚህ ወደማውቀው መሣሪያ ተመለስኩ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ።

ልጃችንን ሊዲያን የሕክምና ትምህርት ቤቱ ተቀብሏታል። እዚሁ አካባቢ ስለሆነ ከቤት ሳትወጣ ትማራለች።

ይህን የጻፍኩት ለሥርዓቱ ያህል ነው እንጂ ላበስርሽ አይደለም። ወሬውን ከእኔ በፊት እንደሰማሽ አውቃለሁ። የምጽፍልሽም ስለዚሁ ነው። ሳልሸፋፍን ልንገርሽ፤ ቀንቼብሻለሁ።

በሠርግ ቤት ሰው ሁሉ እጅሽን እየያዘ ሲያስጨፍርሽ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ሳጨበጭብ፣ «ይሄ ሰውዬ አይቀናም እንዴ?» እያልሽ ለጓደኞችሽ ትስቂብኝ ነበር። ይኸው፣ በስተርጅና ጀመረኝ። ደግሞ በሌላ ሰው አይደለም፤ በአንቺው በራስሽ ነው።

የቤቱን ነገር ላስቀድም፤ ሳይነገርሽ ካለፈ ቅር ይልሻል። የጓሮው የፒካን ዛፍ ባለፈው ክረምት በረዶ ከብዶት ትልቁ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ አጥሩ ላይ ወደቀ። አጥሩን ራሴ ጠገንኩት፤ ቀጥ ያለ ነው። ልብሶችሽ እንዳሉ ናቸው፤ ሊዲያ ሰማያዊውን ሹራብ ወስዳዋለች። ሳሎን የነበረውን ትልቁን መስታወትሽን አውርጄ በቦታው ነጭ ሰሌዳ ሰቅያለሁ። አትቆጪ፤ መስታወቱ ጋራዥ ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ደህና ተቀምጧል። ሰሌዳው ያስፈለገው ለልጅሽ ነው።

አንቺ ስትሄጂ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ዶክተር እሆናለሁ የምትለው ገና በአፏ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ አላየሽውም። እዚህ አገር ሐኪም ለመሆን ኮሌጅ መጨረስ ብቻ አይበቃም። ኤምካት የሚሉት ከጠዋት ጀምሮ ቀኑን የሚበላ ፈተና አለ። ሐኪም እየተከተሉ ሥራውን ማየት፣ በሽተኛ ማገልገል አለ። ከዚያ ማመልከቻ፣ ከማመልከቻው ኋላ እንደገና ሌላ ጥያቄ፣ በመጨረሻም ኢንተርቪው። ይህን ሁሉ በሰሌዳው ላይ በሳምንት በሳምንት ከፋፍዬ አስቀመጥኩት። ኬሚስትሪው በአረንጓዴ፣ ፊዚክሱ በሰማያዊ፣ ያልገባት ነገር በቀይ። ሲገባት ቀዩን በእጇ እንድታጠፋ አደርጋት ነበር። ከኢትዮጵያ ጀምሮ፣ እዚህም ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ ያስተማርኳቸውን ተማሪዎች ሁሉ ብትሰበስቢያቸው እንደ እሷ የደከምኩለት የለም።

አንድ ቀን ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ አላስቀምጥ አላት። አንዱ ሞለኪውል የሌላው የመስታወት ምስል ይሆንና አንዱ በሌላው ላይ ግን አይገጥምም፤ ይህ ነው ያልገባት። ወደ ኩሽና ሄጄ የዕቃ ማጠቢያ ጓንትሽን አመጣሁ። የግራውን ጓንት በቀኝ እጅሽ አጥልቂው አልኳት። ታገለች፣ አውራ ጣቷ መግቢያ አጣ፣ ሳቀች። ከዚያ ድንገት ሳቋን አቆመችና፣ «አባዬ፣ ኦ ማይ ጋድ፣ ፕሮፌሰሩ ሰሚስተሩን ሙሉ ያላስረዳኝ እኮ ይሄ ነው!» አለች። ሙሉዬ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር እንደ ከረሜላ ቶሎ እንዳታልቅብኝ ቀስ እያልኩ ነው የመጠጥኳት። ጓንቱ ያንቺ መሆኑ ያን ቀን አላስከፋኝም። ዛሬ ግን አሰብኩት፤ እዚያም ገብተሻል።

በሽተኛ ማገልገሉ ሲመጣ ነገር ተበላሸብኝ። እኔ በቤተ ክርስቲያን በኩል ፕሌኖ ከተማ ክሊኒክ ያለው አንድ ሐኪም ዘንድ እንድትውል ለምኜ፣ ተለማምጬ ቦታ አግኝቼላት ነበር። ሄደች፣ ሠራች፣ አመሰገነች። ነገር ግን ሳትነግረኝ በጎን፣ አንቺ ትሠሪበት ወደነበረው የአረጋውያን መጦሪያ ሄዳ በዕረፍት ቀኖቿ ተመዘገበች። ከፕሌኖ ስትመለስ «ጥሩ ነበር» ትልና ወደ ክፍሏ ትገባለች። ከመጦሪያው ስትመለስ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ ወሬ ትጀምራለች። እማዬ እኮ እንዲህ ትል ነበር አሉኝ፣ እማዬ እኮ ለባቡር ሠራተኛ ለነበረው ሽማግሌ በአማርኛ ትዘምርለት ነበር፣ እማዬ እኮ፣ እማዬ እኮ። ስለ አንቺ እኔ የማላውቀውን ነገር ከማላውቃቸው ሰዎች እየሰማች መጣች። ሠላሳ ዓመት አብሬሽ ኖሬ የባቡር ሠራተኛው የሚያውቀውን መዝሙር አላውቀውም።

ዱካሽንም ይዛ መዞር የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ያቺን የምትታጠፈዋን፣ ለፓርክ ብለን የገዛናትን አረንጓዴ የመቀመጫ ዱካ። ለፓርክ አንድ ቀን ሳትውል ከመኪናሽ ኋላ ገብታ ቀረች። ከክፍል ክፍል በብብትሽ ይዘሻት ትዞሪ ነበር። «በሽተኛ ቆሞ አይጠየቅም፤ የቆመ ሰው ልሂድ ልሂድ የሚል ይመስላል» ትል ነበር እናትሽ፤ አንቺም ያንን ቴክሳስ ድረስ ይዘሽው መጣሽ። ተቆጣጣሪዋ መጀመሪያ መንገድ ትዘጋለች ብላ ተቆጣችሽ፣ በኋላ ተወችሽ። እኔም እስቅብሽ ነበር። ቀኑን ሙሉ በእግርሽ ውለሽ የምታርፊው በሰው በሽታ ነው እያልኩ። አንቺም፣ «አንተ ደግሞ ተኝተህም የቆምክ ነው የምትመስለው» ብለሽ አፌን ዘጋሽኝ።

እውነትሽን ነው። እኛ የሠለጠንነው «አስተማሪ ተቀምጦ አያስተምርም» ተብለን ነው። በታመምሽ ጊዜም ቆሜ ነው የከረምኩት። መድኃኒትሽን በሰዓት በሰዓት ጽፌ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ፣ ሐኪሞቹን በር ላይ ይዤ የጠየቅሁት እኔ። ሊዲያ ዱካዋን አልጋሽ ሥር ዘርግታ እጅሽን ይዛ ተቀምጣ ነበር። አልጸጸትም፤ ሰዓት የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልጋል። ነገር ግን ሰዓት የጠበቀውን ማንም አያስታውሰውም፤ የሚታወሰው የተቀመጠው ነው።

አሁን ወደ ማመልከቻው ልምጣ። እዚህ ላይ የገዛ እጄ ነው ጉድ የሠራኝ።

ለምን ሐኪም መሆን እንደምትፈልግ የምትገልጽበት ጽሑፍ ነበረው። ጽፋ ስታመጣልኝ ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። እንዴት ያለ ጽሑፍ መሰለሽ! ይህን አቋቋምኩ፣ ያንን መራሁ፣ ይህን ለወጥኩ። ደሜ ፈላ። እኛ ቤት ያደገች ልጅ ስለ ራሷ እንዲህ ትናገራለች? ሰው ያመስግንህ እንጂ ራስህን አታመስግን ተብለን አይደል ያደግነው? «አቋቋምኩ» ያለችውን «ከሚረዱት አንዷ ነበርኩ» አደረግሁት። «መራሁ» ያለችውን «አብሬ ነበርኩ» አልኩት። ከሽልማቶቿ ሁለቱን ለጨዋነት ሰረዝኩ። ስጨርስ ወረቀቱ ቀይ በቀይ ሆኖ ነበር፤ እኔም ሥራዬን ወደድኩት። አንቺን የሚመለከተውን ክፍል ብቻ ቀለም አላስነካሁትም። የሞተች እናትን ማመስገን ነውር የለበትም።

ኮሌጁ ውስጥ ማመልከቻ የምታይ አማካሪ አለቻቸው። አንብባ ምን አለቻት መሰለሽ? «እዚህ ውስጥ አንቺ የለሽም። በሁሉም ቦታ ዳር ቆመሽ ስታዪ የነበርሽ ነው የሚመስለው። ሕይወት ያለው ስለ እናትሽ የጻፍሽው ብቻ ነው፤ ሌላውን ተዪና ከዚያ ጀምሪ።» ሊዲያ አልተቆጣችኝም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ «ኦኬ አባዬ፣ ሁለታችንም ተማርን» ብቻ አለች። ተቀምጣ ከዱካሽ ጀምራ እንደ አዲስ ጻፈችው።

በቀይ እስክሪብቶዬ ነው ያነገሥኩሽ ሙሉዬ።

በአዲሱ ጽሑፍ ውስጥ ስለ እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች። አባቴ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው፣ ነገርን በትዕግሥት መፍታት ያስተማረኝ እሱ ነው የምትል። አንብቤ ምንም እንዳላየ ሰው አለፍኳት፤ ከዚያ ተመልሼ አነበብኳት። በሳምንቱ ጽሑፉ ከተፈቀደው በላይ ረዝሟል ተባለና ስታሳጥር እሷን ቆረጠቻት። «ቦታ የለም አባዬ፣ ሊሚት አለው፣ አይከፋህም አይደል?» አለችኝ። ምን ይከፋኛል አልኳት። እንደ አራሚ ካየሁት ቆረጣው ትክክል ነው፤ ጽሑፉ አጠረ፣ ጠራ። ተማሪዬ ብትሆን ሙሉ ማርክ እሰጣት ነበር።

ኢንተርቪው ተጠራች። ለዚያ ደግሞ ልምምድ ያስፈልጋል። ጠረጴዛውን ወደ መሐል ስቤ፣ ሱፌን ለብሼ፣ ክራቫት አስሬ፣ ዶክተር እኔ ነኝ ብዬ ተቀመጥኩ። ልጅሽ በቤት ሱሪ መጣች። «አባዬ፣ ሲሪየስሊ? ክራቫት?» አለች። ወጥተሽ፣ ለብሰሽ፣ አንኳኩተሽ ግቢ አልኳት። አደረገችው። ልጅሽ ስትፈልግ ጨዋ ናት።

ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ለምን ሕክምና? መለሰች። ስትሳሳቺ ምን ታደርጊያለሽ? መለሰች፤ ቆንጆ መልስ ነው። ከዚያ፣ ከሁሉ በላይ ያስተማረሽ ማን ነው? አልኳት። «እናቴ» አለች። ሳትቆም፣ ሳትውጥ። ከዚያ ስለ ዱካዋ ቀጠለች።

አስተማሪ ጥያቄው ካልገባ በሌላ መንገድ ይጠይቃል። በትምህርት በኩልስ? አልኳት። «በሽተኛ ፊት መቀመጥም ትምህርት ነው፣ እናቴ…» አለችና እንደገና ወደ አንቺ። በሳይንስ በኩልስ? አልኳት። «አባዬ፣ ይሄንን የሚጠይቅ ኢንተርቪወር የለም» አለች። ይኖር ይሆናል፣ መልሺ አልኳት። ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው ልብስ ጣለች፣ ጥለቱን በጣቷ ተከተለች፣ ፈገግ እንደ ማለትም አደረጋት። «ማለቴ፣ አንተ እዚህ ፊቴ ተቀምጠህ እንዴት አድርጌ ልበለው?» አለች። እነሱም ፊትሽ ተቀምጠው ነው የሚጠይቁሽ አልኳት።

ከአሥር ሰባት ሰጠኋት። «ሦስቱ የት ሄደ?» አለች። መልሱ አልተሟላም አልኩ። «ምኑ ነው ያልተሟላው?» አለች። ክራቫቴን ፈታሁና እራቱ ሊቀዘቅዝ ነው አልኳት።

ኢንተርቪው የተባለው ቀን ሲደርስ ነገሩ በኮምፒውተር ነበር፤ ክፍሏን ዘግታ፣ ከላይ ኮት ለብሳ ከታች የቤት ሱሪዋን አድርጋ ተቀመጠች። የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ መሆኑን ታውቂዋለሽ፤ ሳሎን ሆኖ ሁሉ ነገር ይሰማል። ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። መናፈሻውን ዞርኩ፣ ደገምኩ፣ ዳክዬዎቹ እስኪያውቁኝ ድረስ ዞርኩ። እናቴ ስትል መስማት አልፈለግሁም። ስመለስ ኩሽና ቆማ ውኃ ትጠጣለች። «የት ሄድክ? ያንተን ጥያቄ እኮ ጠየቁኝ!» አለችኝ እየሳቀች፣ ከዚያም ልትታጠብ ገባች። ምን ብለሽ መለስሽ አላልኳትም። አስተማሪ መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ ለመጠየቅ ይፈራል፤ እኔ ደግሞ መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች አንዱ አይሆንም አለ፣ ሌላው ተራ ጠብቂ አለ። ሰሌዳው ላይ የሚጻፍ ነገር ጠፋ። ልጅቷ ከሳች። እኔም ሌሊት ሌሊት አንቺ ስትጸልዪ የምሰማ እየመሰለኝ እባንናለሁ።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ወጣች። ሊመሻሽ ሲል መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ፣ «አባዬ፣ ቁጭ በል» አለችኝ። ቆሜ ልስማ አልኳት። ወንበር ሳበችልኝ። ስቀመጥ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ሁለት እጄን ያዘች። ክፉ ዜና መስሎኝ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ማረፉን አንቺ የነገርሽኝ እንዲህ አድርገሽ ነውና። «ገባሁ» አለች። «ጠዋት ኢሜይል ላኩልኝ። ገባሁ አባዬ።»

ምን እንዳደረግሁ አልነግርሽም፤ ራስሽ ገምቺው። ተንበርክከን አመሰገንን። ከዚያ፣ «መኪና ውስጥ ዶሮ ገዝቻለሁ፣ ልታመጣልኝ ትችላለህ?» አለችኝ። የመኪናዋን ኋላ ከፈትኩ። ዶሮው አለ። ዱካሽም አለች፤ አራቱም እግሮቿ በጥቁር ጭቃ ተጀቡነው፣ የደረቀ ሣር ተጣብቆባቸው። ሳምንቱን ሲዘንብ ሰንብቶ ነበር። የመጦሪያው ወለል እንደ መስታወት ነው፤ ጭቃ የለውም። ኮሌጁ ውስጥ ዱካ ይዞ የሚዞር የለም። መልእክቱ የደረሰው ጠዋት ነው፤ እኔ የሰማሁት ሲመሽ ነው። ይህችን ሒሳብ ለመሥራት አስተማሪ መሆን አያስፈልግም።

ትኩስ ዶሮ ታቅፌ መኪናው ኋላ ቆሜ ቀረሁ። ጠዋት ገና ያወቀች ጊዜ የነዳችው ወደ አንቺ ነው። እኔ እዚህ ቤት፣ በሰሌዳው ሥር ተቀምጬ ስልኬን እያየሁ ስውል፣ አንቺ ሰምተሽ፣ ደስ ብሎሽ፣ ጨርሰሽ ነበር። የዱካዋን እግሮች በጨርቅ ጠርጌ ወደ ቦታዋ መለስኳት። ዶሮውንም በላሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተነገረ። እልልታው ጣሪያ ሊነቅል ደረሰ። ሰው ሁሉ እየመጣ ሊዲያን ያቅፋል፤ ሁሉም የሚላት አንድ ነው፦ «የእናትሽ ጸሎት ነው!» «ሙሉ ብታይ!» «ጌታ የእናትሽን እንባ አየ!» እኔንም ይጨብጡኛል፤ እንደ ሰርገኛ አጃቢ። ጋሽ በቀለ፣ አውሮፕላን ማረፊያው መንገደኛ የሚያመላልሰው ወዳጄ፣ አጠገቤ ተቀምጦ ጎኔን ነካ አደረገኝ። «መምህር፣ ፊትህን ምን ነካው? ደስታ ነው ወይስ ጨጓራ?» አለኝ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በጸሎት አልታለፈም አልኩት በጆሮው። ሳቁ አመለጠውና አስተናጋጁ ዞሮ አየን። «ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም ሲባል አልሰማህም? ታገስ መምህር! ተራህ ይደርሳል፣ ምን ያስቸኩልሃል?» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። ግን ነገሩ ይዞኝ ቤት ገባ። ስንመለስ ሊዲያ ትነዳለች፣ እኔ ጎኗ ነኝ፤ ያ የልምምዱ ቀን ትዝ አለኝ። «አንተ እዚህ ፊቴ ተቀምጠህ እንዴት አድርጌ ልበለው?» ያለችው። የዚያን ቀን መልስ የሌላት መስሎኝ ነበር። መልስ ነበራት ይሆን? ራሷን እንዳታመሰግን፣ ሰውንም ፊት ለፊቱ እንዳታሞግስ አድርገን ያሳደግናት እኛው ነን። ታዲያ ስለ እኔ የምትለው ነገር ካላት የት ሄዳ ትበለው? ለማያውቋት ሐኪሞች፣ በሯን ዘግታ። ወይም ዱካዋን ዘርግታ፣ ላንቺ።

ስለዚህ ቅናቴ ተባብሷል እንጂ አልበረደም። ለኢንተርቪወሮቹ ምን ብላ እንደ መለሰች አንቺ ታውቂያለሽ። ነግራሻለች። ምናልባት እኔን የሚመለከተውም አንቺ ዘንድ ነው ያለው፤ የራሴን ምስጋና እንኳ ከእኔ ቀድመሽ የሰማሽው አንቺ ትሆኛለሽ። ልጠይቃት አልችልም፤ ምስጋና ይለመናል? አንቺም አትነግሪኝም። በሕይወት ሳለሽም የሴት ልጅሽን ምሥጢር አውጥተሽ አታውቂም።

ይሁን። እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ይቅርታ፣ ተቀምጫለሁ፤ እሱን ነው ልነግርሽ የፈለግሁት። ትላንት ሱቅ ሄጄ የምትታጠፍ ዱካ ገዛሁ። አረንጓዴ አልነበራቸውም፤ ግራጫ ነች። ሦስቱን ሞክሬ የማትወዛወዘዋን መረጥኩ። አሁን መኪናዬ ኋላ ናት። በሚመጣው ቅዳሜ እግርጌሽ አልቆምም። ራስጌሽ ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ ልሂድ ልሂድ የምል እንዳልመስልሽ። የባቡር ሠራተኛው የሚያውቀውን መዝሙርም ከሊዲያ ተምሬ እመጣለሁ። ዜማ እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ አውሮፕላን ሲያልፍ እዘምርልሻለሁ፣ ያኔ አይሰማሽም።

እረሳሻለሁ ብለሽ ደግሞ አትስጊ። የሚቀና ሰው የቀናበትን ይረሳል? ጠዋት ስነሳ የመጀመሪያ ሐሳቤ አንቺ ነሽ፤ ዛሬስ ልጄን ምን ብላ ወሰደችብኝ ብዬ ነው የምነሳው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅሽ። በበጋው ትምህርት ሲከፈት ነጭ ጋውን የሚያለብሷቸው ሥነ ሥርዓት አለ። አባት እናት ይጋበዛል። ዕድሜዬን ሙሉ ፊት ወንበር ነው የምቀመጠው፤ ያን ቀን ግን ኋላ፣ በሩ አጠገብ ነኝ። መኪናዬን መውጫው ላይ አቆማለሁ። መንገዱን ሄጄ አይቼዋለሁ፤ በየት በኩል እንደሚቀርብ ለይቻለሁ። ልጅሽ ከጓደኞቿ ጋር ፎቶ ስትነሳ፣ አበባ ስትቀበል፣ እቅፍ በእቅፍ ስትሆን ይመሻል። እኔ ጋውኑ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ አይቼ፣ አጨብጭቤ፣ እወጣለሁ።

ያቺን ወሬ ከእኔ ነው የምትሰሚያት። ልጅሽ ጭቃ በጭቃ ዱካዋን ይዛ ስትመጣ፣ እኔ ጎንሽ ተቀምጬ፣ ነግሬሽ ጨርሼ እጠብቃታለሁ።

የማይቀናው ባልሽ